ቅርቡ የቱ ነው?

መኪና ግርግር ላይ፣ ሦስተኛዋ በር፣
ጧት ጧት በሰባት መርፌ ክር አስገባ ነበር።
ትምህርት ቤት ሳልሄድ፣ ፊቴን ሳልታጠብ፣
ሰባቱን እሰካለሁ ካባቴ ኮት ኪስ አጠገብ።
የሰባተኛዋ ክር ሲያልቅ
ያባቴም ቀን ያልቃል፤ ሱቁ ይዘጋል ፀሐይ ሳትጠልቅ።

ዕውር ያለው ማን ነው፣ አው ሸምሰዲንን?
ከፈረስ መጋላ ቁልቁል የሚመጣን
ገና ከሩቁ፣ ባረማመዱ፣
ለይቶ ያውቀዋል ከነዕዳው ከነዘመዱ።
“ያ ሰውዬ” ይላል፣ “የሱሪ ቀሪ አለበት።”
መርፌዋ ግን እጁ ላይ ጉም ሆነችበት።

ጎረቤታችን ወርዶፋ፣ ባለ ፔጆው፣
ምንጣፍ ላይ የወደቀ ስፒል አያመልጠው፤
የሳንቲም ዓመተ ምሕረት፣ የጉንዳን እግር፣
አንድ ባንድ ይቆጥራል፤ አፍንጫው ድረስ ይምጣ እንጂ ነገር።
ሸዋ በር ላይ ግን የመብራት ምሰሶ
ተሳፋሪ ይመስለዋል፣ የቆመ እጁን አንሥቶ።
ፍሬን ይይዛል። “ወዴት ነህ?” ይለዋል።
ምሰሶው ዝም።
ወርዶፋም፣ ተናቅሁ ብሎ፣
በሩን ወርውሮ ይሄዳል ቁልቁል ተንከባሎ።

አንድ ረቡዕ ሁለቱም ዐይናቸውን ሊታዩ ሄዱ።
ግድግዳው ላይ ሹካ መሳይ ፊደል፣ ባለ ሦስት ጣት፤
“ወዴት ዞረ?” ሲባሉ
ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች፣ ወደ ሰማይ ሲጠቁሙ ዋሉ።
የጧቱ ሐኪም ባባቴ ካርድ “የቅርብ ዕይታ” ብሎ ጻፈ፤
የከሰዓቱም በወርዶፋ ካርድ ያንኑ ደገመ።
ማታ ሱቁ ደጃፍ ሙግት ተከፈተ።
“ቅርብ እኮ ነው የጠፋኝ!” አባቴ።
“ቅርብ እኮ ነው የተረፈኝ!” ወርዶፋ።
ታዲያ የሰው ሕመም የሚሰየመው
ባለው ነው ወይስ ባጣው?
እስከ መግሪብ አልተፈታም።

ይባስ ብሎ መነጽሩ መጣ፤
ላባቴ ፕላስ ሁለት፣ ለወርዶፋ ማይነስ ሦስት።
“አየህ?” አለ ወርዶፋ፣ “ላንተ ተደመረልህ፤
ለኔ ከዚችው ላይ ተቀነሰብኝ፤
ግብር ሰብሳቢ እንኳ እንዲህ አላደረገኝ!”

ዛሬ ካርዱን የምጽፈው እኔ ነኝ።
“የብርሃን ስብረት ስሕተት” ይላል ከላይ የታተመው።
“ማን ነው የሳተው?” ይሉኛል፤ “የሰበረውስ ማን ነው?”
እላለሁ፦ ብርሃን ዐይን ሲገባ መሰበሩ አይቀርም፤
ስብራቱ ደግ ነው፤
የሳተው ማረፊያውን ነው፤
ላንዱ ከመጋረጃው ወዲህ፣ ላንዱ ከመጋረጃው ማዶ ያድራል።

ለሦስተኛው ግን ቃል አጣሁ።
“አስቲግማቲዝም” ብዬ ብነግራት የኤረሯ ሴት
ደንግጣ፣ “የማን ልጅ ነው እሱ?” አለች።
የሻሿን ጫፍ ያዝሁ፦
“ይሄ ድሩ ነው፣ ይሄ ማጉ።
ዐይንሽ ድሩን ጥርት አድርጎ ያያል፣
ማጉን ይበትነዋል።”
“እህ! እንዲያ በዪኛ፤ ማጌ ነው የላላው።”
“ማጉ የላላ” ብዬ ጻፍሁ።
አለቃዬ ሰረዘው።

እኔም አርባ ስድስት ሞላኝ።
ካርዱን ካላራቅሁት ፊደሉ ይደፈርሳል።
አባቴ መነጽሩ ከመጣም በኋላ
ሰባቱን በኔ ነበር የሚያስገባ፤
“ፕላሷ ለጋዜጣ ናት” ይል ነበር።
ኮቱ ከሲንጀሯ በላይ፣ ሚስማሩ ላይ አለ።
ስድስቱ መርፌ ባዶ።
ሰባተኛዋ ክር ይኑራት አይኑራት፣
ባቀርባት ጉም፣ ባርቃት ጉም፤
በጣቴ ዳበስሁ።
አላት።
ነጭ ክር፣ ጫፉ ያልተቋጠረ።